ዳኛው የተናገረውን ማን ይጽፋል?

"ችሎት መድፈር" የሚለውን ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ፍርድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ዳኛ ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ወይም ስልኩ የጮኸበት ሰው እዚያው ሊታሰር እንደሚችል ሰምቷል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 449 ፍርድ ቤትን ወይም ዳኛን የሰደበ፣ ያፌዘበት ወይም ያስፈራራ ሰው በእስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ልክ ነው፤ ችሎት ካልተከበረ ፍርድ የለም። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ዳኛው ባለጉዳዩን ሲሰድበውስ? በስሙ፣ በአነጋገሩ፣ በመጣበት አገር ሲያሾፍበትስ? ለዚህኛው በአማርኛ ስም አለን? የለንም። "ዳኛው ተቆጡኝ" ነው የምንለው። ቁጣ ደግሞ የአባትም የመምህርም መብት ነው ተብለን ስላደግን፣ የተቆጣንን ሰው እኛው ይቅርታ ጠይቀን እንወጣለን።

ይህን የምጽፈው ከምዕራብ ለንደን፣ ከዋይት ሲቲ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር እንጂ ሕግ አይደለም። ግን እዚህ ከተማ የሚኖር ሐበሻ፣ ወረቀቱን ጨርሶ ደህና ሥራ የያዘ ከሆነ፣ "እባክህ አብረኸኝ ሂድ" የሚል ስልክ አያጣውም። አንዱ የጥገኝነት ይግባኝ አለበት። አንዷ በልጅ አሳዳጊነት ትከራከራለች። ሌላው ከቤት አከራይ ጋር ተካስሷል፣ ሌላው በመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ተጠርቷል። ፍርድ ቤት ለእኛ በፊልም ብቻ የምናየው ነገር አይደለም። ስለዚህ ዳኞች በባለጉዳይ ላይ አድልዎና ማዋከብ እንዳይፈጽሙ የሚከለክሉት የሥነ ምግባር ደንቦች የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚወያዩባቸው ሊሆኑ አይገባም። የኔ ነጥብ አጭር ነው፤ ደንቡ ሞልቷል፣ የጎደለው መዝገቡ ነው። ዳኛው የተናገረው ካልተቀዳ፣ የተቀዳውም ባለጉዳዩ እጅ ካልደረሰ፣ ደንቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቅስ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ደንቡ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የባንጋሎር የዳኞች ሥነ ምግባር መርሆዎች ስድስት ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ነጻነት፣ ገለልተኝነት፣ ሐቀኝነት፣ ጨዋነት፣ እኩልነት፣ ብቃትና ትጋት። የእኩልነቱ መርህ ዳኛ ሥራውን ሲሠራ በቃልም ሆነ በድርጊት በማንም ላይ አድልዎ እንዳያሳይ ይከለክለዋል። በሥሩ ያሉ ሠራተኞችም ይህን እንዳያደርጉ እንዲቆጣጠር፣ ፊቱ የሚከራከሩ ጠበቆችንም እንዲያስቆም ያዘዋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2007 ያጸደቀው ሞዴል የዳኞች ደንብ ደግሞ በቁጥር 2.3 ማዋከብን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ማብራሪያው በጣም ግልጽ ነው። ዘርን የሚነካ ስድብ፣ የሚያዋርድ ቅጽል ስም፣ "እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው" በሚል ግምት ላይ የተመሠረተ ቀልድ፣ ማስፈራራት፣ ሁሉም ተጠቅሰዋል። የፊት ገጽታና የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይቀር አድልዎ ሊያሳይ እንደሚችል ይናገራል። ሐበሻ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከንፈር መምጠጥና ፊት ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን።

እንግሊዝም የዳኞች ምግባር መመሪያ አላት። ከሱ ጋር ለዳኞች የሚሰጥ ወፍራም የእኩል አያያዝ መጽሐፍ አለ፤ ጠበቃ ስለሌለው ተከራካሪ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ሰው፣ ስለ ስም አጠራር ሳይቀር ዳኛውን ያስተምራል። አገር ቤትም ብንሄድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 79 የዳኛን ነጻነት ያስከብርና እዚያው ዳኛ የዲሲፕሊን ሕግ ከጣሰ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔ፣ በምክር ቤቱ ድምፅ ሲጸድቅ፣ ከሥራው ሊነሳ እንደሚችል ይገልጻል። የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233/2013ም አለ። ወረቀት አላነሰንም ማለት ነው።

አሁን ወረቀቱ ችሎት ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን በሁለት ጉዳዮች እንየው። ሁለቱም እዚሁ እንግሊዝ የተፈጸሙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በሰሜን እንግሊዝ በፕሬስተን ከተማ በሚገኝ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት አንድ ምክትል ዲስትሪክት ዳኛ የቅጣት ችሎት ይመራ ነበር። የግል ተበዳይዋ የአባት ስም ፓቴል ነው። ተበዳይዋ በአጭር ጊዜ ፍርድ ቤት መምጣት ትችል እንደሆነ ጥያቄ ሲነሳ፣ ዳኛው ስሟ ፓቴል ከሆነና ዘሯ ይህ ከሆነ ፈቃድ የማይገኝበት ትልቅ ቦታ እንደማትሠራ፣ ሱቅ ውስጥ እንደምትሠራ ተናገረ። ሴትየዋን አይቷት አያውቅም፤ ያየው ስሟን ነው። ያን ቀን ጉዳዩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ተቃወመች፣ ከጉዳዩም ራሷን አገለለች። ነገሩ ወደ አቤቱታ ሰሚው ሄደ፣ ዳኛውም ያንን ሹመት ለቀቀ። ይህ ዳኛ የስደተኞችን ይግባኝ በሚያየው ትሪቡናልም ይሠራ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የእኛን ሰው "ታሪክህን አላመንኩም" ወይም "አምኛለሁ" ብሎ ሕይወቱን የሚወስነው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዳኛው መጥፎ ሰው እንደነበር አይደለም፤ ያንን አላውቅም። የምወስደው ነገሩ እንዴት እንደታወቀ ነው። የታወቀው ችሎቱ ውስጥ የራሷ ሥልጣን ያላት፣ ሕግ የምታውቅ፣ ተቃውሞዋን ለመናገር ያልፈራች ሰው በአጋጣሚ ስለነበረች ነው። የማጅስትሬት ፍርድ ቤት ክርክር በአብዛኛው በድምፅ አይቀረጽም። እሷ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ያ ንግግር ግድግዳው ጋር ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የጎረቤቶቻችን ነው። ከዋይት ሲቲ፣ ከውድ ሌን ባቡር ጣቢያ ሐመርስሚዝ ሦስተኛው ፌርማታ ናት። እዚያ ኪንግ ስትሪት ላይ ፖላንዶች "ፖስክ" የሚሉት ትልቅ የባህል ማዕከላቸው አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ቲያትር፣ ጃዝ ቤት አለው። እኛ ብዙ ጊዜ ተሰብስበን "እንዲህ ያለ ቤት ለምን አይኖረንም" የምንልበት ዓይነት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቪ ቻስ የተባለ በለንደን የሚታተም የፖላንድኛ ጋዜጣ ከዚህ ማዕከል ጋር ግንኙነት የነበረውን አንድ ፖላንዳዊ ስደተኛ የሚወቅስ ጽሑፍ አወጣ። ሰውየው "ስሜ ጠፋ" ብሎ ከሰሰ። ክሱ በ2017 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሰማ። ጠበቃ አልነበረውም፤ ቋንቋው ባልሆነ ቋንቋ ራሱ ቆሞ ነው የተከራከረው።

ተሸነፈ። መሸነፍ በራሱ በደል አይደለም፤ አንዱ ሳይሸነፍ ክርክር አያልቅም። ችግሩ ያለው አሸናነፉ ላይ ነው። ዳኛው ገና የማስረጃው ሂደት ሳያልቅ ሰውየውን "ውሸታም" ብሎ ነግሮታል። ደጋግሞ አቋርጦታል፣ ተቆጥቶታል፣ አስፈራርቶታል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 ክርክሩ ፍትሐዊ አልነበረም አለ። ሰኔ 2020 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ በሎርድ ዊልሰን ተጽፎ በተነበበው ፍርድ፣ ዳኛው ጠበቃ የሌለውን ሰው በመደገፍ ፈንታ እንዳዋከበውና እንዳስፈራራው ገልጾ ፍርዱን ሻረው። ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ እንደገና ይታይ ተባለ።

ልብ በሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "ሰውየው እውነተኛ ነው፣ ጋዜጣው ውሸታም ነው" አላለም። "በዘሩ ምክንያት ነው የተዋከበው" አላለም። ያለው፣ እንዲህ በተመራ ችሎት ማን እውነተኛ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ነው። የዳኛ ትሕትና የጨዋነት ማሟያ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዳኛ የሚያዋክበው ሰው ሐሳቡን መሰብሰብ፣ ጥያቄ ማቅረብ፣ የራሱን ማስረጃ ማስታወስ ያቅተዋል። ስድቡ ክብርን ብቻ አይነካም፤ ማስረጃ ያበላሻል።

ታዲያ ያ ሰው እንዴት አሸነፈ? ምክንያቱም የክርክሩ ግልባጭ ነበረ። የላይኞቹ ዳኞች "እንዲህ አለኝ፣ አላልኩም" በሚል ንትርክ ውስጥ አልገቡም። ገጹን ገልጠው ዳኛው የተናገረውን ቃል በቃል አነበቡ፣ ፍርዳቸው ውስጥም እየጠቀሱ አሳዩ። ግልባጩ ባይኖር የዚያ ሰው ይግባኝ የተሸናፊ እሮሮ ነበር የሚሆነው።

በኔ ሙያ ይህ በጣም የታወቀ ነገር ነው። ማንኛውም ደህና ሲስተም የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብ ሎግ አለው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ የምንከፍተው ሎጉን እንጂ ፕሮግራሙን የጻፈውን ልጅ ጠባይ አይደለም። "እሱኮ ጎበዝ ነው፣ አይሳሳትም" የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበታል። ሁለተኛ ደንብ አለን፤ ሎጉን ስህተት ፈጽሟል የተባለው አካል ራሱ ሊያርመው መቻል የለበትም። ማረም ከቻለ ሎግ አይባልም። አሁን ይህንን ይዘን ፍርድ ቤትን እንየው። አብዛኛው ችሎት ውስጥ መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው? ዳኛው። ዳኛው "ምስክሩ እንዲህ አለ" ብሎ ይጽፋል። "እኔ ምስክሩን ደደብ አልኩት" ብሎ ግን አይጽፍም።

የእንግሊዝ ሥርዓት እዚህ ላይ ፍጹም እንዳይመስላችሁ። በ2022 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ዘር አድልዎና ዳኝነት 373 የሕግ ባለሙያዎችን ጠይቀው ነበር። 95 በመቶው የዘር አድልዎ በፍትሕ ሥርዓቱ ሂደት ወይም ውጤት ላይ የሆነ ድርሻ እንዳለው ተናገሩ። 56 በመቶው ቢያንስ አንድ ዳኛ በተከሳሽ ላይ በዘር ሲያዳላ በዓይናቸው ማየታቸውን ገለጹ። ጥናቱን ለመሙላት ፈቃደኛ የሆኑት ጉዳዩ የሚያሳስባቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቁጥሩን የአገሩ ሁሉ አማካይ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ግን ግማሹን ትታችሁ ግማሹን ብታምኑት እንኳ ከባድ ነው። ከዚያ በፊት በ2017 ዴቪድ ላሚ ለመንግሥት ባቀረበው ግምገማ ጥቁሮች፣ እስያውያንና ሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ከሕዝቡ 14 በመቶ ሲሆኑ ከእስረኛው 25 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። በ2025 ደግሞ ባሮነስ ሃሪየት ሃርማን ለጠበቆች ምክር ቤት የሠራችው ግምገማ የዳኞች ማዋከብ ጠበቆችን ሳይቀር እንደሚነካ፣ ብዙዎቹም ለሥራቸው ፈርተው አቤት እንደማይሉ አወጣ። ዊግ ያጠለቀው፣ ኦክስፎርድ የተማረው ከፈራ፣ አማርኛ ቅላጼ ያለው የኛ ሰው ምን ይበል?

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የምስክር ቃል በድምፅ መቀረጽ ከጀመረ ቆይቷል። ግን የፖለቲካ ክሶችን ዜና የተከታተለ ሰው "ግልባጩ ተሠርቶ ስላልደረሰ ለሌላ ቀጠሮ" የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ያውቀዋል። ከፌዴራል ወረድ ሲባል፣ በብዙ የወረዳ ፍርድ ቤቶች ዳኛው ራሱ እያዳመጠ በእጁ ይጽፋል። እጁ ሲደክም ያሳጥራል፤ አሳጥሮ የጻፈው ያ ብቻ የባለጉዳዩ ቃል ይሆናል። ይህ የዳኛው ጥፋት አይደለም፤ የመዝገብ ብዛትና የባጀት እጥረት ጉዳይ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ገበሬው ይግባኝ ሲል የሚቀርብለት መዝገብ ያዋረደው ሰው የጻፈው ነው።

እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ ደንቦች ውስጥ የማይገኝ፣ በእኛ ቋንቋ ግን በየደቂቃው የሚሰማ ነገር አለ፤ "አንተ" እና "እርስዎ"። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ዳኛው ሊያዋርድ ከፈለገ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። አማርኛ ግን ማዋረጃውን ግሱ ላይ ለጥፎ ይዞት ይዞራል። አገር ቤት ችሎት የቆመ ሰው ያየዋል። ሱፍ ለብሶ የመጣው "እርስዎ ምን ይላሉ?" ሲባል፣ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ "አንተ ተናገር" ይባላሉ። የልጅ ልጅ ያላቸው እናት "አንቺ ዝም በይ" ይባላሉ፤ ተናጋሪው ደግሞ ሕግ ትምህርት ቤት ከወጣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሊሆን ይችላል። ባለጉዳዩ ግን እስከ መጨረሻው "ክቡር ፍርድ ቤት" እያለ ይመልሳል። ማንም ይህን አድልዎ ብሎ አይጠራውም። እኔ እጠራዋለሁ። ዳኛው ሁለት ሰዎችን በአንድ ችሎት በሁለት ዓይነት ግስ ካነጋገረ፣ የሚሰሙት ሁሉ ፍርዱ ወዴት እንደሚሄድ ገምተዋል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። "ዳኛውን በየቃሉ ከከሰስነው ነጻነቱ የት አለ? የተሸነፈ ሁሉ አቤቱታ ይጽፋል" ይባላል። በተለይ እንደኛ ባለ አገር፣ ዳኞች በሰጡት ውሳኔ ምክንያት የታሰሩበትን አጋጣሚ ስላየን፣ የዲሲፕሊን ክስ የማይታዘዘውን ዳኛ መምቻ ዱላ ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም። ዳኛው ተፈርቶ ሳይሆን ፈርቶ ከተቀመጠ ለማንም አይሆንም።

መልሱ ያለው ሁለት ነገሮችን በመለየት ውስጥ ነው፤ ዳኛው የወሰነውንና ዳኛው የተናገረበትን መንገድ። ውሳኔው ካልጣመህ ይግባኝ በል፤ በውሳኔው ምክንያት ዳኛን መክሰስ መፈቀድ የለበትም። ንግግሩ ግን ሌላ ነው። ነጻነት የተሰጠው ያለ ፍርሃት እንዲወስን እንጂ እንዳሻው እንዲሳደብ አይደለም። ደግሞም ጥሩ መዝገብ ከማንም በላይ የሚጠብቀው ጨዋውን ዳኛ ነው። ሐሰተኛ አቤቱታ ሲመጣበት "ቅጂውን ስሙት" ብሎ ይገላገላል። በሹክሹክታ፣ በስም ማጥፋትና በስልክ ትዕዛዝ ዳኛ የሚነሳው መዝገብ በሌለበት ቦታ ነው።

የእንግሊዝ አሠራር ይህን ልዩነት ጠብቆታል። የዳኞች ምግባር መርማሪ ቢሮ ስለ ውሳኔ የቀረበን አቤቱታ አይቀበልም፤ ስለ ጠባይ የቀረበን ግን ይመረምራል፣ የችሎቱን ቅጂ ማዳመጥም ይችላል። ጥፋት ከተገኘ ከምክር ጀምሮ እስከ ስንብት የሚደርስ እርምጃ በሎርድ ቻንስለሩና በዋና ዳኛዋ ስምምነት ይወሰዳል፣ ለሕዝብም በጽሑፍ ይወጣል። ለከፍተኛ ዳኞች ግን ስንብቱ እጅግ ከባድ ነው። የሁለቱ ምክር ቤቶች ድምፅ ይፈልጋል፤ በዚህ መንገድ የተነሳው ዳኛ በታሪክ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በ1830 ጆናህ ባሪንግተን የተባለ የአየርላንድ ዳኛ። ነጻነትና ተጠያቂነት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ቢያንስ ሞክረው አሳይተዋል።

አሁን ስለራሳችን ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በእድሜ የገፉ እናትን አጅቤ አንድ ችሎት ሄጄ ነበር። ዳኛው አስተርጓሚው በተናገረ ቁጥር ይተነፍስ ነበር፣ ሰዓቱን ያይ ነበር። በመካከል "እዚህ አገር ጥያቄ ሲጠየቁ መልስ ነው የሚሰጡት፣ ተረት አይደለም" አለ። እማማ ግን መልስ እየሰጡ ነበር። አስተርጓሚው "አጠር አድርገው ይበሉ" ብሎ አለስልሶ ተረጎመላቸው። ስንወጣ የተባለውን ነግሬያቸው አቤት እንድንል ጠየቅኳቸው። "ተወው ልጄ፣ ፍርዱን ያበላሽብኛል" አሉኝ። ቀጥለውም "ደግሞ ዳኛ ነው፣ ምን ይደረጋል" አሉ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት ይዘን ነው ሂትሮው የደረስነው፤ እዚህ ደግሞ ንጉሡን በዳኛው ተክተነዋል።

በእሳቸው አልፈርድም። ጉዳዩ የሳቸው ነው፣ አደጋውም የሳቸው ነበር። ግን የአስተርጓሚው ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። በደግነት ነው ያለሰለሰው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ እንዳይሰደቡበት ብሎ። ውጤቱ ግን ሴትየዋ የተሰደቡትን ስድብ እንዳያውቁ ማድረግ ሆነ። አስተርጓሚ የሚያለሰልሰው ስድብ ለባለጉዳዩ ከመዝገብ የተፋቀ ያህል ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ። ዳኛው ያለውን እንዳለ ተርጉሙት፤ ኃላፊነቱ የሱ ነው።

ለንደን ያለን ሰዎች ነገ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። በስልክ መቅዳት አይሞከርም፤ በ1981 የወጣው ሕግ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ድምፅ መቅረጽን እንደ ችሎት መድፈር ይቆጥረዋል። በግልጽ ችሎት ከሕዝብ መቀመጫ ላይ ሆኖ ማስታወሻ መያዝ ግን ይቻላል። ስለዚህ ሰው ስናጅብ እስክሪብቶና ደብተር እንያዝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዳኛውን ስም፣ የተባለውን በእንግሊዝኛው ቃል በቃል እንጻፍ። "ንቆኛል" የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም፤ "በዚህ ሰዓት ይህን ቃል ተናገረ" የሚል ግን ያስመረምራል። ጊዜው አጭር ነው፣ ነገሩ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ። የስደተኞች ትሪቡናል ዳኛ ከሆነ አቤቱታው የሚሄደው ለትሪቡናሉ ፕሬዚዳንት ነው። ፍርዱን የምንፈራ ከሆነ ጠበቃችንን አማክረን ከውሳኔው በኋላም ቢሆን እናስገባ፤ ሦስት ወሯ እንዳታልፍ ብቻ። እዚህ ሕግ የምትማሩ ልጆችም አላችሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሰጥታችሁ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ብታዘጋጁ፣ ብዙ ፓነል ላይ ከመናገር ይበልጥ ይጠቅማል።

ለአገር ቤት ፍርድ ቤቶች ደግሞ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው ሳንቲም አያስወጣም። የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ አንድ መስመር ይግባ፤ ዳኛ ችሎት ፊት የቆመን አዋቂ ሰው ሁሉ "እርስዎ" ብሎ ያነጋግር። ባለሥልጣኑንም፣ ሊስትሮውንም፣ በነፍስ ግድያ የተከሰሰውንም። አፈጻጸሙን ለመቆጣጠር ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይቆጣጠረዋል። ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ ሙሉ ቀን መቅዳት ይችላል። በየወረዳው ችሎት አንድ መቅጃ ማስቀመጥ፣ ቅጂው ዳኛው በማይደርስበት ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ባለጉዳዩ በቀናት ውስጥ ቅጂውን የማግኘት መብት መስጠት፣ ይህ ለአንድ አገር ከባድ የቴክኖሎጂ ሥራ አይደለም። ግልባጭ እስኪተየብ ወራት መጠበቅም የለበትም፤ ድምፁን ራሱን ስጡት። በዳያስፖራ ያለን መሐንዲሶች "ለአገራችን ምን እንሥራ" እያልን በየስብሰባው እንጠያየቃለን። ይኸውና ሥራ። መብራት በሚጠፋበት ወረዳ የሚሠራ፣ የተቀዳው እንዳይነካካ የሚጠብቅ፣ ዋጋው የረከሰ መቅጃ መሥራት እንችላለን።

አድልዎ ከሰው ልብ አይጠፋም፤ ዳኛም ሰው ነው። ደንብ የሚያደርገው ልብን መቀየር ሳይሆን አፍን መያዝ ነው፣ አፍ የሚያዘው ደግሞ የሚሰማ ሰው መኖሩን ሲያውቅ ነው። ያ ፖላንዳዊ ጎረቤታችን ጠበቃ አልነበረውም፣ ገንዘብ አልነበረውም፣ እንግሊዝኛውም የአፍ መፍቻው አልነበረም። የነበረው ግልባጭ ነው፤ እሱም የአገሪቱን ትልቁን ፍርድ ቤት ለማስነሳት በቃው። በጋቢያቸው ተጠቅልለው የወረዳ ችሎት ፊት የሚቆሙት አባትም ከዚያ ያነሰ አይገባቸውም።